ማዳም ሆኜ ያስተማርኩበት ጊዜ

ባለፈው ሐሙስ ደም ግፊቴን ልለካ ክሊኒክ ሄጄ ኮሪደሩ ላይ ተራዬን ስጠብቅ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ ወለሉን በበረኪና መወልወል ጀመረች። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ልቤ ድንግጥ አለ። የሆነ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ልጅቱ "እግርዎን ያንሱልኝ እማማ" ከማለት በቀር ምንም አላለችኝም። ገብቼ ነርሷ ስትለካኝ ቁጥሩን አይታ ቅንድቧን ሰቀለች። "ምነው? የተናደዱበት ነገር አለ?" ስትለኝ፣ "ደረጃው ነው ልጄ፣ ደረጃው አድክሞኝ ነው" አልኳት። ክሊኒኩ ደረጃ የለውም። ነርሷ ፈገግ ብላ ቁጥሩን ጻፈች፤ ከአሮጊት ጋር ማን ይከራከራል። እኔ ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም ሽታው ከነጠላዬ የሚለቅ አልመሰለኝም፤ አውልቄ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ተመልሼም ሁለት ጊዜ አሸተትኩት።

በረኪና ለእኔ የአንድ ዘመን ሽታ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ በትክክል አልነግራችሁም። ባጃጅ ከመናኸሪያ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር በሁለት ብር የሚያደርስበት፣ የጉደር ቲማቲም በእንጨት ሳጥን ተደርድሮ መንገድ ዳር የሚሸጥበት፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ጠጥተን ከሃያ ብር መልስ የምንቀበልበት ጊዜ ነበር። ልጃገረዶቹ በሺቲ ላይ ሹራብ ይደርባሉ፤ እግራቸው ላይ ያቺ የምታብረቀርቅ የላስቲክ ጫማ አለች። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ መታጠፊያው ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ኮምፒውተር ዘርግተው ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭኑ ሰዎች ነበሩ። ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ የመጨረሻ ጉዳይዋ እዚያ ነው። ግማሹን የኦሮምኛ፣ ግማሹን የአማርኛ፣ ከመዝሙሩም ጥቂት ጨምራ ታስጭናለች። ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እያዳመጠች ስትሄድ እናቷ ከኋላ ፌስታል ይዛ ትከተላለች። የዛሬ ልጆች ዘፈኑን ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚያወርዱት፤ ያቺን ጥፍር የምታህል ካርድ ብታሳዩዋቸው ምን እንደሆነችም አያውቋት። እኔ እንኳ አሁን በዚያ መታጠፊያ ሳልፍ ጃንጥላውን በዓይኔ እፈልገዋለሁ።

ያን ሰሞን፣ ለሥራ ዓረብ አገር መሄድ ተከልክሎ ቆይቶ እንደገና ሲፈቀድ፣ "የሠለጠነች ብቻ ትሂድ" ተባለ። እኔ ደግሞ ጡረታ ወጥቼ ግድግዳ ስቆጥር የምውል ሰው ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አምቦ የመጣሁት በልጅነቴ ነው፤ መጀመሪያ ባልትና፣ በኋላ አማርኛ እያስተማርኩ ሸበትኩ። አንድ ማሠልጠኛ ሲከፈት "ባልትና የምታውቅ መምህርት" ብለው አስታወሱኝና ጠሩኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ቀሚስ አሰፋሁ፣ ጫማ አስጠረግሁ።

ማሠልጠኛው ሁለት ክፍል ብቻ ነበር። አንደኛው ሳሎን ነው፤ ላስቲኩ ያልተገፈፈ ሶፋና ምንጣፍ አለው። ሁለተኛው ወጥ ቤት ነው፤ ምድጃ፣ ፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ለማሽኑ የውሃ መስመር አልተሳበለትም። ስለዚህ ልጆቹ ቁልፉን ይጫኑና በአፋቸው "ዝዝዝዝ" ይላሉ። "ስንት ደቂቃ?" ስላቸው "አርባ ደቂቃ፣ ቲቸር!" ይሉኛል። ለሕፃን አያያዝ የላስቲክ አሻንጉሊት ነበረችን። ከእንጭኒ የመጣች አንዲት ልጅ፣ አራት ታናናሾቿን አዝላ ያሳደገች፣ አሻንጉሊቷን ገልብጣ እያየች "ቲቸር፣ ይቺ አትሸናም እንዴ?" ብላ ክፍሉን በሳቅ ገደለችው። ከባኮ፣ ከወንጪ፣ ከጊንጪ የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ ውሃ ቀድተው፣ እንጨት ለቅመው፣ ለቤት ሙሉ ሰው ምግብ አብስለው ያደጉ። እኔ ለእነሱ የቤት ሥራ ላስተምር! ከዚያ ሁሉ ዕቃ እውነተኛው በረኪናው ብቻ ነበር። "ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ መስኮት ክፈቱ" እያልኩ በየቀኑ ወለሉን አስወለውላቸው ነበር።

ከመጽሐፉ ያላገኘሁት፣ ከራሴ የጨመርኩት አንድ ልምምድ ነበር። እኔ ማዳም ሆኜ ሶፋው ላይ እቀመጣለሁ። ልጆቹ ገና ከአውሮፕላን እንደወረዱ አድርገው አንድ በአንድ ይገባሉ። ደብተር እንደ ፓስፖርት ይይዛሉ። እጄን ስዘረጋ ፓስፖርቱንና ስልኩን በሁለት እጃቸው ይሰጡኛል፤ "ሐድር፣ ማዳም" ይላሉ፤ በዓረብኛ እሺ ማለት ነው። "ይሄን በመጀመሪያው ቀን ስታደርጉ ታምናችኋለች። የታመነች ልጅ አትንገላታም" አልኳቸው። ይሄን ማንም አላዘዘኝም። ደህና ነገር ያስተማርኩ መስሎኝ ነበር።

ሀዊ ያኔ ነው የጠየቀችኝ። ሀዊ የቤት ሠራተኛዬ ልጅ ናት፤ አሥረኛ ክፍል ተፈትና ነጥቧ አልበቃ ብሏት ሥልጠናው የገባች። ደብተሯን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመችና "ቲቸር፣ ፓስፖርቱ የማን ነው?" አለችኝ።

"ያንቺ ነዋ።"

"ታዲያ ለምን እሷ ጋ ይቀመጣል?"

"እሷ ጋ ቢሆን አይጠፋም። ቁም ሣጥን አላት፤ አንቺ ምን አለሽ?"

ሌሎቹ ሳቁ። ሀዊ ትንሽ አሰብ አደረገችና ደብተሩን ሰጠችኝ። በጣም ጎበዝ አልኳት፤ አስጨበጨብኩላትም።

አሁን ስለ እናቷ ልንገራችሁ። እኛ ቤት አበባ ነበር የምንላት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ድንቄ ነው፤ ነገር ግን ከእርሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛችን አበባ ትባል ስለነበር፣ ለልጆቹ እንዳያስቸግር ብለን በዚያው ቀጠልን። እርሷም አልተቃወመችም። ከሃያ ዓመት በላይ፣ ማታ ማታ ቤቷ እየገባች፣ እኛ ጋ ሠራች፤ እንደ ቤተሰብ ነበረች ብል ውሸት የሚሆን አይመስለኝም ነበር። እኔ ጠመኔ ይዤ ባልትና ሳስተምር፣ ቤቴ ውስጥ ባልትናውን የምትሠራው እርሷ ናት። ተማሪዎቼን የሽሮ አዘገጃጀት የምፈትናቸው እርሷን ጠይቄ በጻፍኩት ማስታወሻ ነበር። ልጆቼ ለብሰው የጨረሱትን ለሀዊ እሰጣታለሁ፤ አበባ የራሷ የቆርቆሮ ኩባያ አላት፣ ከእኛ ዕቃ ጋር አይቀላቀልም። መታወቂያዋን ገና እንደመጣች ተቀብያት ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከሟቹ ባለቤቴ ወረቀቶች ጋር አስቀምጬላታለሁ። እንዳይጠፋባት ነው። ሀዊ ሕፃን ሳለች ወጥ ቤት ውስጥ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር፤ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። ይሄን ሁሉ በደግነት መዝገብ ላይ ነበር የምጽፈው።

ሀዊ ሪያድ ገባች። በመጀመሪያዎቹ ወራት በማዳሟ ስልክ፣ በወር አንዴ፣ ለእናቷ ትደውል ነበር። አንድ ቀን እናቷ እኛ ቤት ሳለች ደወለችና ድምፁን ክፍት አድርገን ሰማናት። ደህና ነኝ አለች፤ ከዚያ "እዚህ ሳራ ነው የሚሉኝ፣ ከኔ በፊት የነበረችው ሳራ ስለነበረች" አለች። እኔ ብድግ አልኩ። "ምን ዓይነት አረመኔዎች ናቸው! የሰው ስም ይቀየራል እንዴ?" ብዬ ጮህኩ። አበባ ቀና ብላ አየችኝ፤ ወዲያው ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እኔ ንዴቴ እስኪበርድ ብዙ አወራሁ።

ከዚያ ስልኩ ቆመ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር። በዚያው ላይ የእኛም አገር ተረበሸ። ማን ከማን ጋር እንደነበረ ዛሬ ላይ ሆኜ ልተነትን አልፈልግም። የማስታውሰው የተዘጉ ሱቆችን፣ አስፋልቱ ላይ የተደረደረውን ድንጋይ፣ የሚቃጠለውን ጎማ ጭስ ነው። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ኢንተርኔት ጠፋ፣ ቀጥሎ የሞባይል ኔትወርክ ጠፋ። ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ ቀስሮ ኮረብታ ለኮረብታ ይዞራል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሁሉ ወሬ ይዞ ይመጣል፤ "ዓረብ አገር አንዲት የአምቦ ልጅ ከፎቅ ወደቀች" ይላል አንዱ፣ "አይ፣ የነቀምት ልጅ ናት" ይላል ሌላው። በእያንዳንዱ ወሬ እኔ የልጅቱን ስም እጠይቃለሁ። ማሠልጠኛው በረብሻው ተዘግቶ ነበር፤ እኔ ግን ዓይኔን ስጨፍን ሀዊ ደብተሯን በሁለት እጇ ስትሰጠኝ ትታየኛለች።

አበባ በዚያ ሁሉ ግርግር አንድ ቀን አልቀረችም። መንገድ በተዘጋበት ቀን እንኳ በጓሮ በጓሮ ዞራ ትመጣለች። እሑድም ትመጣለች። ለፋሲካ "ዕረፊ" ብላትም መጣች። ሳሎኑን ሦስቴ ትወለውላለች፣ የቤት ስልኩ የተቀመጠበትን፣ አቧራ የሌለበትን ብፌ ታብሳለች፣ ካልመሸ አትሄድም። "ከእኛ መለየት አልቻለችም" እያልኩ ለጎረቤት አወራሁ። በፍቅሯ ልቤ ተነካ። ሲነካ ደግሞ ጥፋቴ ይበልጥ አቃጠለኝ። ያቺ ልጅ ስልኳን ባታስረክብ ኖሮ እንደምንም ትደውል ነበር፤ አስረክቢ ያልኳት እኔ ነኝ። እናቷ ይሄን ሳታውቅ ወጥ ትሠራልኛለች።

በመጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ታማ ቀድማ በሄደችበት ቀን፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ ልነግራት ቆረጥኩ። እኔ ፊት፣ እኔ ሳሎን ውስጥ፣ ቆማ እንድትሰማኝ አልፈለግሁም። የሁሉቃ ወንዝን ተሻግሬ ወደ ማዶው ሰፈር ገባሁ። ያኔ ነው ቤቷን እንደማላውቅ የገባኝ። ስንት ዓመት ሙሉ! አንዲት ድንች የምትሸጥ ሴት "የአበባ ቤት የት ነው?" አልኳት። "የቷ አበባ?" ትለኛለች። ሌላዋን ጠየቅሁ፤ "እዚህ ሰፈር አበባ የምትባል የለችም" አለችኝ። ኦሮምኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ እየተኮላተፍኩ "ልጇ ዓረብ አገር ያለች፣ ሀዊ የምትባል" ስል ድንች ሻጯ ፊቷ በራ። "ኤሬ! ሃዳ ሀዊ፣ የሀዊ እናት ነዋ! አዴ ድንቄን ነው እንዴ የሚፈልጉት? እርሷንማ ማን ያጣታል!" ብላ ቅርጫቷን ለጎረቤት ትታ ይዛኝ ሄደች። በየደጁ ያለ ሰው የድንቄን ስም እየጠራ ወሬ ይጠይቃል። የማኅበራቸው ጸሐፊ፣ የሰፈሩ አስታራቂ እንደሆነች ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ጋደም ብላ አገኘኋት። ስታየኝ በድንጋጤ ተነሣች። "እትዬ! ሀዊ ደወለች?"

"አልደወለችም። የምነግርሽ ነገር አለኝ።" ቁጭ ሳልል ዘረገፍኩት። ማዳም ሆኜ ሶፋ ላይ መቀመጤን፣ ደብተሩን፣ ስልኩን፣ ጭብጨባውን። "ድምጿ የጠፋው በኔ ምክንያት ነው" ብዬ አለቀስኩ።

እርሷ አላለቀሰችም። ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። "ያንን ነግራኛለች እትዬ። ያኔውኑ ነግራኛለች።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ለምን እኔ ቤት ትመጫለሽ?"

"ቁጥሩ ሁሉ ያለው ያ ስልኳ ውስጥ ነው። የኔም ቢሆን ማዳሟ ስልክ ላይ ተመዝግቦ ነው እንጂ በቃሏ አታውቀውም። በቃሏ የምታውቀው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የእርሶን የቤት ስልክ። ልጅ ሆና ብትጠፋ ብለው እርሶ ያስጠኗት።" አንድ እግር ጫማ አገኘች፤ ሌላውን እየፈለገች ዞር ብላ አየችኝ። "አሁን ቤት ማን አለ?"

"ማንም።"

"ያ ረቢ! ታዲያ ስልኩን ለማን ትተው መጡ?"

ሁለታችንም ሮጥን። እኔ በዚያ ጉልበቴ፣ እርሷ በዚያ ትኩሳቷ። ባጃጅ አጥተን እስከ ድልድዩ በእግር ሄድን፤ መንገዱን ሙሉ የሚጠራ ስልክ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። በሩን ስንከፍት ቤቱ ጸጥ ብሏል። ድንቄ ዳንቴሉን ከስልኩ ላይ ገፍፋ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ አደረገች፤ መሥመሩ አለ። ደውላ ይሁን ሳትደውል የምናውቅበት መንገድ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩን በተራ ጠበቅን። እርሷ ገበያ ስትሄድ እኔ ከወንበሩ አልነሣም፤ እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እርሷ አትነሣም። የበር ደወል ሲጮኽ ሁለታችንም እንዘላለን።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ድንቄ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ፣ ጠራ። ሀዊ ናት። የምትንሾካሾክ ድምፅ። "ቲቸር፣ የጎረቤት ሠራተኛ ስልክ ነው፣ ቶሎ ልንገሮት። ሲወጡ በሩን ይቆልፉብኛል። ፓስፖርቴን ስጠይቅ ዝም ይሉኛል። ዛሬ ቆሻሻ ልጥል ወጥቼ ነው፣ አሁን ደጅ ነኝ። ልመለስ ወይስ ልሂድ? ምን ላድርግ?"

ዕድሜ ልኬን ስጠየቅ መልስ አጥቼ አላውቅም። "አላውቅም፣ ልጄ" አልኩ። "እናትሽ ታውቃለች፣ ያዢው።" ጮኼ ጠራኋት። እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገብታ መነጋገሪያውን ነጠቀችኝ። በኦሮምኛ ስትነግራት ግማሹ አመለጠኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እኔ የያዝኩት "ቢላዴ" የሚለውን ብቻ ነው፣ ዓረብ አገር ያሉት የአገራቸውን ልጅ የሚጠሩበት፤ የሌላ አገር ሰው ቤት አትግቢ፣ የአገርሽን ልጅ ተከተያት፣ ኤምባሲ የምታውቅ ካለች ከእርሷ ጋር ሂጂ ማለቷ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ። ሲጨርሱ ሶፋዬ ላይ ቁጭ አለች። በዚያ ሁሉ ዓመት ተቀምጣበት አታውቅም ነበር። "ውሃ ይስጡኝ" አለች። ሮጬ አመጣሁላት፤ የቆርቆሮ ኩባያዋን ነበር ያነሣሁት፣ ከመንገድ ተመልሼ በብርጭቆ ቀዳሁ።

ሀዊ የወጣችበትን በር ተመልሳ አልገባችበትም። መጠለያ ውስጥ ወራት ቆይታ፣ ከብዙ ሴቶች ጋር በአውሮፕላን ተጭና መጣች። ድንቄ በዚያው ሳምንት ሥራ አቆመች። አልተጣላንም። መታወቂያዋን ከቁም ሣጥን አውጥቼ ስሰጣት ቀለሙ ደብዝዞ ነበር፤ አገላብጣ አየችውና ሻሿ ውስጥ ቋጠረችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እናትና ልጅ ሊጠይቁኝ መጡ። ሀዊ ከስታ፣ የእጆቿ ቆዳ በማጽጃ ተልጦ ነበር። ሻይ አፈላሁ፤ ስኳሩ በዛ። ይቅርታ ልጠይቃት ሁለት ቀን ሙሉ የተለማመድኩትን ንግግር ጀመርኩ፤ ያስተማርኩሽን፣ ያጠፋሁብሽን አልኩ። እንባዬ መጣ። ሀዊ አላስጨረሰችኝም። ማልቀሴ አሳዝኗት ሳይሆን አይቀርም፣ ልታጽናናኝ እጄን ያዘችኝ።

"አይጨነቁ ቲቸር። አልመቱኝም፣ አልራበኝም። የልጆቿን ልብስ ትሰጠኝ ነበር። ለብቻዬ ብርጭቆ ነበረኝ። ‘ሳራ ልጄ ናት’ ነበር የምትለው፣ ለእንግዳ ሁሉ። ክፉ ሰው አልነበረችም" አለችኝ። "ልክ እንደ እርሶ ነበረች።"

ድንቄ ሻይዋን ማማሰሏን አላቋረጠችም። "ተመስገን" አልኩ።